በጭድ ጆንያ የተሠራው ስቱዲዮዬ

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ኃላፊያችን አቶ ከማል ማይክሮፎኑን ያዙና (እሱንም ጠዋት ገጥሜ የሞከርኩት እኔው ነበርኩ) «ወይዘሮ ዘይነባ ብዙ ደክመዋል፤ ከእንግዲህ ቤታቸው አረፍ ብለው የልጅ ልጅ ያጫውቱ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሲራጅ ሰዓቱን ሊሰቅል መዶሻ አነሳ። ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር እኔ ቤት እንደማይሰቀል ነገርኩትና ለጎረቤት ሰጠነው። ብርድ ልብሱን ግን ዕለቱን በጓዳው በር ላይ በሚስማር መታሁት። በደሴ መንገድ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ድምፅ በደንብ ይይዛል። ለሽልማቱ መሥሪያ ቤቱን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ያ ጓዳ ስቱዲዮ ነው። ከሚሴ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ። ስቱዲዮ ሲባል መስታወትና ባለ ቀለም መብራት የሚታየው ሰው ገብቶ ካየው ይስቃል። ብዙ ሰው ሲስቅ አይቻለሁ። ከሳቁት አንዳንዶቹ የራሳቸውን ዘግተዋል፤ የእኔ አለ። እንዴት እንደሠራሁት፣ በውስጡም ያጠፋሁትን ትልቅ ጥፋት ሳልደብቅ ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። አረፍ በይ ላሉኝም መልስ ይሆናል።

ሥራ የጀመርኩት ሰንበቴ ነው፤ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ። ያኔ አንዳንዱ ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ስለነበር ከጠመኔውና ከኳሱ ጋር አንድ ትልቅ ሬዲዮ ተረከብኩ። ወር ሳይሞላኝ ሬዲዮው ዝም አለ። ርዕሰ መምህሩ ለከሚሴው ጽሕፈት ቤት ጻፉ፤ ምላሽ የለም። እንደገና ጻፉ፤ የለም። በሬዲዮ ትምህርት ሰዓት ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን መረረኝና በቢላ ጫፍ ከፈትኩት። ውስጡን ጉንዳን ቤት አድርጎታል። በዶሮ ላባ ጠረግኩት፤ ተናገረ።

ለዚህ የተሰጠኝ ምስጋና ማስጠንቀቂያ ነበር። «ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት በመክፈት» ይላል ደብዳቤው። ይዘውት የመጡት ጋሽ ወርቁ ነበሩ፣ የከሚሴ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሬዲዮ ጠጋኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ሬዲዮውን እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ።

«በምን ጠረግሽው?»

«በላባ።»

«ከየት የተነቀለ ላባ?»

እያፌዙብኝ መሰለኝ።

«የምሬን ነው። የክንፍ ላባ ይጠነክራል፣ ቀጭን ሽቦ ይበጥሳል። ከአንገቷ ነው የሚነቀል።»

«ከአንገቷ ነው የነቀልኩት» አልኩ። እንደዚያ ያደረግኩት ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ነበር፤ ሌላ ዕውቀት አልነበረኝም። ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን ነቀነቁ። ደብዳቤውን ፈርሜ ተቀበልኩ። ከዚያ ጨፋ ሮቢት ተዛወርኩ፣ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ሬዲዮ እየዞርኩ እንዳይ። ደመወዙ የእግር መንገዱን ያህል አልነበረም። በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ ራሳቸው አመልክተው ከሚሴ፣ ወርክሾፓቸው አስመጡኝ። ማመልከቻቸውን አይቼዋለሁ። «ጆሮ ያላት ሠራተኛ ስለሆነች» ይላል፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጋሽ ወርቁ በልጅነታቸው ከደብረ ብርሃን ወገን መጥተው ከሚሴ ያረጁ ሰው ናቸው። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሲበላሽም የቤተ ክርስቲያኑ ሲበላሽም የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ለሁለቱም አንድ ኮት ለብሰው ነው የሚሄዱት። ሥራ ሳይጀምሩ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። የፈቱትን ብሎን ነጭ ጨርቅ ላይ በተፈታበት ተራ ይደረድራሉ፤ አንዱ ቦታውን ከሳተ ተነስተው ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ እንጂ አይናደዱም። አዲስ ክፍል ሲገቡ ገና ሰላም ሳይሉ አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። የማያውቃቸው ሰው የተቆጡ ይመስለዋል።

«ምን እየሰሙ ነው?» አልኳቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«ቤቱን ነዋ። አንቺም አጨብጭቢ። ጭብጨባሽ ሲመለስ የቆርቆሮ ድምፅ ካለው ሰውየው ምንም ቢናገር የቆርቆሮ ድምፅ ይኖረዋል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተቃጠለ ዕቃ ቀይረው አሮጌውን አይጥሉም። በክር አስረው እዚያው ሬዲዮው ሆድ ውስጥ ይተውታል። «ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ ምን እንደነበረ ማየት አለበት» ይላሉ። ይህን ልማዳቸውን እንደ ሽማግሌ ጭንቀት ነበር የማየው።

የራሴን ትንሽ መቅረጫ የገዛሁት ሠርግ ለመቅረጽ ነው። የጨፋ ሴቶች ድቤ ይዘው ሲቀመጡ አንዷ በአማርኛ ታወጣለች፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ትቀበላለች፣ ጭብጨባው መሀላቸው ይገባል። ያንን ነበር የምወደው። አንድ ጊዜ እነዚህ ሴቶች ተዋጥተው አዲስ አበባ ሄደው ሊቀረጹ ወሰኑ፤ «አንቺ ዕቃውን ታውቂያለሽ» ብለው እኔንም ወሰዱኝ። የስቱዲዮው ባለቤት መጀመሪያ የእኔን ቅጂ ሰማ። ግማሽ ደቂቃም አልቆየ።

«ይሄ የጓዳ ድምፅ ነው» አለ። «ሴቶቹ አንድ በአንድ ይግቡ። ጭብጨባውን እኛ በማሽን እንሠራዋለን።»

አውጪዋ ብቻዋን መስታወት ቤት ገባች። አንድ ስንኝ አለችና ቆመች። የሚቀበላት ሰው እየጠበቀች ነበር። ሰውየው ደግሞ መዝፈን የማትችል መሰለው። «ቀጥይ እንጂ!» ይላታል በድምፅ ማጉያ፤ እሷ መስታወቱን ታያለች። ይዘነው የተመለስነው ነገር የማንም ድምፅ አልነበረም። በአውቶቡስ ጣርማ በርን ወርደን ሙቀቱ ሲመጣ አጠገቤ ለተቀመጠችው አውጪ «ጓዳ ከሆነ ጓዳ ይሁን፤ ጓዳ አለኝ» አልኳት። ቤት ደርሼ የሽንኩርቱንና የከሰሉን ዕቃ ከጓዳ አወጣሁ። ሲራጅ በር ላይ ቆሞ አየኝ።

«የት ልናስቀምጠው ነው?»

«ያንተ አልጋ ሥር።»

እዚያው ተቀመጠ።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መጡ። ገቡ፣ አጨበጨቡ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «የዕንቁላል ካርቶን ለጥፊ» ይለኝ ነበርና ሁለት ግድግዳ ሙሉ ለጥፌ ነው የጠበቅኳቸው። አንዱን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይሄ በረሮ ማርቢያ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ድምፁን ጫፍ ጫፉን ነካው እንጂ አልያዘውም፤ በረሮው ግን በሳምንቱ ገባ። ገነጣጥዬ ጣልኩት።

ድምፅን የሚይዘው ውፍረት ነው። ጎርናናው ድምፅ፣ የድቤው ሆድ፣ ማዕዘን ላይ ሄዶ ይከማቻል። ስለዚህ የሲራጅ ወንድም ከጨፋ የጤፍ ጭድ በጋሪ አመጣልን፤ በጆንያ እየጠቀጠቅን አራቱንም ማዕዘን ከመሬት እስከ ጣራ ደረደርን። ግድግዳው ላይ ከቆዩ ፍራሾች የወጣ ጥጥ በአቡጀዲ ሰፍቼ አንጠለጠልኩ፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅኩት፣ ኋላው አየር ሲኖር የበለጠ ይይዛል። ጣራው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ወጠርንና በላዩ ጭድ በተንን። አይጥ መጣ፤ ድመት አመጣሁ፤ ድመቷም መቅረጫ ሰዓት ላይ መጮህ ስለወደደች ለእሷም ሌላ ሰው ፈለግኩላት። ወጥመድ ገዛሁ። ክፍሉ ውስጥ ሻማ፣ ክብሪት፣ ሲጋራ ክልክል ነው፤ ለማንም አልለሰልስም።

ማይክሮፎኑን ደሴ ከተበተነ የሠርግ ባንድ ገዛሁት። ማቆሚያው አንድ ክሊኒክ የጣለው የግሉኮስ መስቀያ ነው። «ፐ» እና «በ» ሲባል ከአፍ የሚወጣውን ንፋስ እንዲይዝ የዱቄት ወንፊት ላይ ሻሽ ወጠርኩ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው። ዕቃውን ስናገናኝ «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ወርቁ ጓሮ አስቆፈሩኝ፤ ረጅም ብረት ቀበርን፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው አደረግን፣ ውሃ አፈሰስንበት፣ ሽቦውን ከእሱ አሰርን። እዝዝታው ግማሹ ጠፋ። ግማሹ ደግሞ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅዬ በባትሪው ስሠራ ጠፋ። ጋሽ ወርቁ መሀል ላይ ቆመው እንደገና አጨበጨቡ። ጭብጨባው እዚያው ሞተ፤ ግን ሬሳ ክፍል አልመሰለም፣ ትንሽ ቤት ቤት ይሸታል።

«በቃ፤ ከዚህ በላይ አትንኪው» አሉ።

ሰዓቱን ደግሞ ከተማው ራሱ ሰጠኝ። ከዙሁር ሰላት በኋላ ወንዱ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ሲቀመጥ ባጃጁ ይቀንሳል፣ ገበያው ይደክማል። እስከ አስር ሰዓት ድረስ ከሚሴ ዝም ትላለች። ከቢሮ ፈቃድ እየጠየቅኩ፣ ቅዳሜና እሑድን እየጨመርኩ የሠራሁት በዚያ ሰዓት ነው።

ብዙም ሳይቆይ የቢሮ ዕቃ ቤቷ ወስዳለች ተባልኩ። ማን እንዳለ አላውቅም። አቶ ከማል ሁለት ሰው አስከትለው፣ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የግሉኮስ መስቀያ።»

«ይሄስ?»

«ወንፊት።»

«ወንፊት እዚህ ምን ያደርጋል?»

«'ፐ' ሲሉ የሚወጣውን ንፋስ ይይዛል።»

አቶ ከማል መዳፋቸውን አፋቸው ፊት አድርገው «ፐ» አሉ። አብረዋቸው የመጡትም «ፐ» አሉ። ሳቄን ዋጥኩት። የመሥሪያ ቤቱ አንዲት ሽቦ እንኳ አልተገኘችም። ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ወንፊቱም ይጻፍልኝ» አልኩ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ነገር አያካሩ። ምንም አልተገኘም፤ አለቀ።»

«ስጠረጠር በወረቀት ነው የመጣችሁት። ነፃ ስሆንም በወረቀት ይሁን።»

ስድስት ወር ተመላለስኩ። ቃለ ጉባኤውን ወሰድኩ። ወንፊቱም ተጽፏል።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው እንደዚያ አይደለም።

ከሰንበቴ በላይ ካለ መንደር አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ አዴ ሐሊማ ይባላሉ። መንዙማ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚያውቁ፣ ከእናታቸው የሰሙትን ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የሌለ ሴት። ሰው ሊቀርጻቸው ሲመጣ ይመልሱ ነበር። እኔን እሺ ያሉኝ ልጃቸው ሞሚና፣ እኔ ሰንበቴ ስሠራ፣ ከሬዲዮው ፊት ከተቀመጡት ልጆች አንዷ ስለነበረች ነው። «ላባዋ ሴትዮ ከሆነች ትምጣ» አሉ ተባለ። እሳቸው ራሳቸው ስድስት ሴቶች አስከትለው በሚኒባስ መጡ።

ሁለት ቀን ቀረጽን። አስም ነበረባቸው። እያንዳንዱን ስንኝ ከማውጣታቸው በፊት ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ፤ ትንፋሹ ያፏጫል። ይስላሉ። «ያ ረቢ» ይላሉ። ሲደክማቸው ዝም ይላሉ፤ ሴቶቹ ያን ጊዜ በጉሮሯቸው ዝቅ አድርገው ይይዙላቸዋል፣ እስኪመለሱ። ከዚያ ይመለሳሉ። ሄድፎኑን እንዳደረግኩ እንባዬ ወረደ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አልቀረጽኩም።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ያ አዲስ አበባ «የጓዳ ድምፅ» ያለኝ የስቱዲዮ ባለቤት ትዝ አለኝ። ይህን ሰምቶ አፉን እንዲይዝ ፈለግኩ። ስለዚህ ማጽዳት ጀመርኩ። ትንፋሹን አንድ በአንድ ቆረጥኩ። ሳሉን ቆረጥኩ። «ያ ረቢ»ውን ቆረጥኩ። የሴቶቹን የጉሮሮ ድምፅ፣ የተቀመጡበትን አግዳሚ መንቋቋት፣ ዝምታውን ጭምር አወጣሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በእጄ ሥራም ኮራሁ። ላፕቶፑ ሞልቶ ነበር፤ ሌላ ማስቀመጫ የለኝም። የጸዳውን አስቀመጥኩና የመጀመሪያውን አጠፋሁ።

የጸዳውን ላኩለት። «አሁን ስቱዲዮ ሆነሻል» አለኝ በስልክ። በዚያች ቃል ስንት ወር እንደተደሰትኩ ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

አዴ ሐሊማ በዓመቱ ሞቱ። ከአርባው በኋላ ሞሚና መጣች። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ የልጅነት ዓይኗ ግን ያው ነው። «አካም ጅርታ» ተባባልን፣ ተላቀስን። «እናቴን አሰሚኝ» አለች። ሄድፎኑን ሰጠኋትና አጠገቧ ቆምኩ። ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

ትንሽ ሰማች። ፊቷ ተለወጠ።

«ሀፉርሪ ሃዻ ኮ ኤሳ?» አለች። የእናቴ ትንፋሽ የት አለ ማለቷ ነው።

«አጸዳሁት» አልኩ።

«ከምኑ?»

ሄድፎኑን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«እናቴ ስትመጣ ከማየቴ በፊት በትንፋሿ ነበር የማውቃት። እዚህ ላይ የምትዘፍነው ጤነኛ ሴት ናት። አላውቃትም።» ሄድፎኑን አላወለቀችም። «የፊተኛውን አምጪልኝ።»

«የለም።»

«ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

ሄድፎኑን አወለቀች፤ አልወረወረችም፣ እንደሚሰበር ነገር ቀስ ብላ አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለችና ወጣች። በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋችው።

ላፕቶፑን ይዤ ደሴ ሄድኩ፤ አዲስ አበባም ሄድኩ። የጠፋውን ያወጣሉ የተባሉ ሰዎች ሞከሩ። በቦታው ሌላ ብዙ ቅጂ አስቀምጬበት ስለነበር አልተገኘም። ጋሽ ወርቁ ያን ጊዜ ታመው ቤት ውለው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አሮጌውን ዕቃ ጣልሽው?» አሉ።

«ጣልኩት፣ ጋሽዬ።»

አይዞሽ አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ከዚያ «ነገ ስትመጪ ላፕቶፑን ይዘሽ ነይ፤ ምን ምን እንደቆረጥሽ ታሳዪኛለሽ» አሉ። በማግስቱ ሄጄ ቦታ ቦታውን አሳየኋቸው፦ እዚህ ሳል ነበር፣ እዚህ ሴቶቹ ይይዙላቸው ነበር፣ እዚህ አምስት ትንፋሽ የሚያህል ዝምታ ነበር። እሳቸው ደብተር ላይ ጻፉ። ሁለት ገጽ ሙሉ። ድምፁን አልመለሰልንም፤ ግን ምን እንደጠፋ ተጽፎ አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ስቱዲዮውን ዝጊ ያሉኝ ነበሩ። «ከዚህ በኋላ በምን ፊትሽ?» አሉ። እኔ ግን የሰዎች ድምፅ እየሞተ ባለበት ከተማ፣ አንድ ጊዜ ስለበደልኩ መቅረጫ ዘግቼ ብቀመጥ ሁለተኛ በደል ነው አልኩ። አልዘጋሁም። ሁለት ማስቀመጫ ገዛሁ፤ አንዱ ቤት ይቀመጣል፣ አንዱ ጨፋ የሲራጅ ወንድም ዘንድ። የመጀመሪያው ቅጂ አይነካም። ትንፋሽ አይቆረጥም። ወጣት ዘፋኞች ይህን ሲሰሙ ተዉኝ፤ ድምፃቸው እንዲያብረቀርቅ ይፈልጋሉ። ባለ መስታወት ስቱዲዮ ተከፈተላቸው፣ ሄዱ። መልካም ይሁንላቸው። እኔ ጋ የቀሩት ሽማግሌዎች፣ የሠርግ ሴቶችና የመንዙማ ሰዎች ናቸው። ጓዳው አልጎደለበትም።

ጡረታ ልወጣ ዓመት ሲቀረኝ ሞሚና መጣች። ከእናቷ ጋር ከነበሩት ስድስት ሴቶች በሕይወት ያሉትን ሁለቱን ይዛለች። ሲራጅ ውሃ ሊያቀርብ ሲል ከለከለችው።

«ይቅር ልልሽ አልመጣሁም» አለችኝ በር ላይ እንደቆመች።

«አልጠየቅኩሽም» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

«እናቴ ያስተማረችኝን እኔም መርሳት ጀምሬያለሁ። ሳልረሳው ልበለው። ግን አንድ ነገር ብትቆርጪ...»

«አልቆርጥም።»

«ማዪልኝ።»

«ወላሂ አልቆርጥም።»

ገቡ። ሦስቱም በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ተቀመጡ፤ ማይክሮፎኑን ከሞሚና አፍ ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ ድቤዋን ወደ ጆንያው አስጠግቼ አስተካከልኩ። ጀመረች። እናቷን አትመስልም፤ ድምፅዋ ይከብዳል። ግን ከስንኙ በፊት እንደ እናቷ ረጅም ትንፋሽ ትስባለች። አስም የለባትም፤ ዜማውን የተማረችው ከእነ ትንፋሹ ነው።

መሀል ላይ ሰማዩ ዘነበ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ሁሉ። ጭዱም ከረጢቱም ያን ዝናብ አይመልሱትም። እንደ ልማዴ ላስቆማቸው እጄን አነሳሁ። ሞሚና እጄን አየች፤ አልቆመችም። ድምፅዋን ጨመረች እንጂ። ሁለቱ ሴቶች ጭብጨባውን ዝናቡ ላይ ጫኑት። እጄን ቀስ ብዬ አወረድኩ። ዝናቡ ሲበረታ እነሱም በረቱ፤ ሲያባራ ከእሱ ጋር ዝቅ አሉ፣ እና ቆሙ። ሞሚና ላቧን ጠረገችና «ይሄንንም አትቁረጪ» አለች።

ከእነ ዝናቡ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ላኩት። «የዝናብ ድምፅና ትንፋሽ ስለሚሰማበት ተጸድቶ ይላክ» ብለው መለሱት። እንዳለ መልሼ ላኩት። ሰውየው ደወለ።

«እናቴ፣ መልእክቱ አልገባዎትም እንዴ? ዝናቡን ያውጡት።»

«ልጄ፣ ገብቶኛል። አላወጣም።»

«እንግዲያው አይተላለፍም።»

«አይተላለፍ።»

ስልኩን ዘጋሁና ገበያ ወጣሁ። በከሚሴም በሮቢትም ሜሞሪ የሚሞሉ ሱቆች አሉ፤ ሰው ስልኩን ይሰጣል፣ ዘፈን ይጭኑለታል። ሞሚናን አስፈቅጄ ለሁሉም አደልኩ። «ለፈለገ ጫኑለት። ስታባዙ አንድም ነገር አትንኩ» አልኳቸው። ከዚያ የት እንደደረሰ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር ከሲራጅ ጋር ሰንበቴ የእሑድ ገበያ ወረድን፣ ፍየል ልንገዛ። ሲራጅ ከአንድ የአፋር ነጋዴ ጋር ክርክር ገጠመ፤ እኔ ጥላ ፈልጌ ቆምኩ። ድንገት ዝናብ ሰማሁ። ቀና አልኩ፤ ሰማዩ ጠራራ ፀሐይ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከነጋዴው የደረት ኪስ ነበር። ከዝናቡ ሥር ጭብጨባው መጣ። ከዚያ ሞሚና ትንፋሿን ሳበች።

«ማናት የምትዘፍነው?» አልኩት ነጋዴውን።

«ስሟን አላውቅም» አለ። «እኛ 'ዝናቧ' ነው የምንላት። ግመል ስንነዳ እሷን እንከፍታለን። ደስ ትላለች፤ ዝናቡ ይሰማል።»

ሲራጅ የማን ሥራ እንደሆነ ሊናገር አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። ነጋዴው ድምፁን ጨመረልኝ፤ እስኪያልቅ ቆሜ ሰማሁ። አንድም የጎደለ ነገር የለም። ለዚያ ለሬዲዮ ጣቢያው ሰው ልደውልለት ስልኬን አወጣሁ፣ ቁጥሩንም አገኘሁት። ከዚያ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ገበያ ወጥቶ ራሱ ይስማ።